ከሠንጠረዡ እስከ ቫልቩ፦ የአንድ ሆስፒታል የአደጋ ዝግጁነት ሲለካ የተያዘ ማስታወሻ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓርብ ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ገደማ መሬት ሲናወጥ ተረኛ ነበርኩ። ከመስከረም ጀምሮ ከፈንታሌ አካባቢ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ለስምጥ ሸለቆ ከተማችን እንግዳ አይደለም። የታኅሣሥ 26ቱ ንጋት ላይ ሁላችንንም ከአልጋ አውርዶናል። የየካቲት 7ቱ ግን 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበሩ ወላዶች ጨቅሎቻቸውን ታቅፈው በደረጃው ሲወርዱ፣ የእኔ ጆሮ የያዘው ከጣሪያው የሚመጣ ድምፅ ነበር። በሮቶዎቹ ውስጥ ውኃው ወዲያና ወዲህ ይላጋል። ያ ድምፅ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ዛሬ ጠዋት ሜዲካል ዳይሬክተሩ ሦስታችንን ጠሩን። የድንገተኛ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር፣ የግቢውን መብራትና ውኃ ከ25 ዓመት በላይ የያዙት ጋሼ፣ ከባዮሜዲካል ክፍል ደግሞ እኔ። «ከዚህ የበረታ ቢመጣ ሥራ እንቀጥላለን ወይስ በር እንዘጋለን? በግምት ሳይሆን በቁጥር ንገሩኝ» አሉን።

የምንይዘው የዓለም ጤና ድርጅትን የሆስፒታል ደኅንነት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው ርዕደ መሬት የኋሬዝ ሆስፒታልን የሕሙማን ሕንፃ ንዶ ከ500 በላይ ታካሚዎችንና ባለሙያዎችን ገድሏል። የአካባቢው አገሮች ሆስፒታሎቻቸውን መመርመር የጀመሩት ከእንዲህ ያለ ሐዘን በኋላ ነው። የፓን አሜሪካ ጤና ድርጅት መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2008 አወጣ፤ በ2015 ተሻሽሎ ለመላው ዓለም ቀረበ። 151 ጥያቄዎች አሉት። 18ቱ ስለ ሕንፃው አጥንት፣ 93ቱ በሕንፃው ውስጥና ላይ ስላለው ነገር ሁሉ፣ 40ው ደግሞ ስለ አመራርና ዕቅድ ናቸው። እያንዳንዱ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ይባልና ውጤቱ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይወጣል። እስከ 0.35 ያገኘ ሲ ነው፤ አስቸኳይ እርምጃ ያስፈልገዋል። እስከ 0.65 ያገኘ ቢ ነው፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ መታረም አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ኤ ነው፤ በአደጋ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል ተብሎ ይታመናል።

የካቲት 14

ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሰነድ ዘርግተን አራት ሰዓት ሙሉ ሞላነው። ጄኔሬተር አለ? አለ። የውኃ መጠባበቂያ አለ? አለ። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አለ? አለ፤ 46 ገጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት። ውጤቱ 0.71 ወጣ። ኤ።

ከአዳራሹ ደስ ብሎን ወጣን። ደረጃው ላይ ጋሼ ቆም አሉና «የውኃውን ዋና ቫልቭ ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ አላውቅም። ሲስተርም አታውቅም። እርሳቸውም አያስታውሱም።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን። ተረኛው ሠራተኛ በገዛ እጁ ሲሠራው ካልታየ በስተቀር ምንም ነገር «ከፍተኛ» አይባልም። ሠንጠረዡን ከባዶ እንጀምራለን።

የካቲት 21

ውኃ።

120 አልጋ አለን። ለአንድ አልጋ በቀን 300 ሊትር ሲታሰብ በቀን 36,000 ሊትር ይሆናል። መለኪያው ከፍተኛ የሚለው ለ72 ሰዓት የሚበቃ መጠባበቂያን ነውና 108,000 ሊትር ያስፈልገናል። ጣሪያው ላይ ባለ 5,000 ሊትር አሥር ሮቶዎች አሉ፤ መሬት ውስጥ 30,000 ሊትር የሚይዝ የኮንክሪት ታንከር አለ። በወረቀት 80,000 ሊትር፣ 53 ሰዓት።

ቫልቩን ለመዝጋት ጋሼና ሁለት ወጣቶች 40 ደቂቃ ታገሉ። ዝጎ በግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል። ከቫልቩ በታች አንድ ቧንቧ ቢሰበር የጣሪያው ውኃ በሙሉ ወደ ግቢው ይፈስሳል ማለት ነው። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ወጥተን ሮቶዎቹን አንድ በአንድ በዱላ መታን። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ መሙያቸው ከተደፈነ ቆይቷል። ከሮቶ የሚገኘው 40,000 ሊትር ብቻ ሆነ። የታንከሩ 30,000 ሊትር ወደ ላይ የሚወጣው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። መብራት ከሌለ ያለን ውኃ ለ27 ሰዓት ገደማ የሚበቃ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። አንድ የሞላ ሮቶ አምስት ቶን ይመዝናል። አሥሩም ቢሞሉ ሃምሳ ቶን፣ በብሎኬት ላይ የተቀመጠ፣ በምንም ያልታሰረ፣ ያለውም ከወሊድ ክፍሉ ራስ በላይ። ያን ሌሊት የሰማሁት እርሱን ነው።

የካቲት 28

የሕንፃ መሐንዲስ መጥቶ 18ቱን ጥያቄዎች አብሮን ሠራ። በአሮጌውና በአዲሱ ክንፍ መካከል መኖር የነበረበት ክፍተት በልስንና በፍርስራሽ ተሞልቷል፤ ሁለቱ ሲወዛወዙ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የአሮጌው ክንፍ ንድፍ አልተገኘም። ጣሪያውን አይቶ ግን ብዙ አላመነታም። «ይህ ጣሪያ ሲነደፍ የታሰበለት ዝናብና ለጥገና የሚወጣ ሰው ነው» አለን። ስድስቱ ሮቶዎች ይውረዱ፣ አራቱ ደግሞ በአምዶቹ አናት ላይ በብረት ማቀፊያ ይታሰሩ ብሎ ጻፈ።

ምሽት ላይ ሦስታችን ተከራከርን። ሮቶ ከላይ ሲሆን ውኃው በራሱ ይወርዳል። መሬት ላይ ሲሆን ፓምፕ ይፈልጋል፤ ፓምፕ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ናፍጣ ይፈልጋል። ሲስተር «እናቶቹ ራስ ላይ አምስት ቶን አላሳድርም፤ ውኃውን በባልዲም ቢሆን እናመላልሳለን» አለች። እኔም ጋሼም ተስማማን። ያም ሆኖ ከአንድ አደጋ ስንሸሽ ወደ ሌላው እየተጠጋን እንደሆነ ገባኝ፤ ሠንጠረዡ ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

መጋቢት 6

ጄኔሬተር። መብራት ሲጠፋ ለጽኑ ሕሙማንና ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች በ10 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። የቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር በሌለበት ሰዓት፣ ሐኪሞቹን አስፈቅደን፣ ጋሼ ዋናውን ማብሪያ ዘጉት።

አልተነሣም። ባትሪው ደክሟል። በእጅ እስኪያስነሡት ድረስ ስድስት ደቂቃ አለፈ። በየሳምንቱ «ተሞክሯል» ተብሎ ሲፈረምበት የኖረው መዝገብ ሐሰት አልነበረም፤ ይሞከር የነበረው ባትሪው ከመደበኛው መብራት ቻርጅ እያገኘ፣ ሞተሩም ያለ ምንም ጭነት ነው። በዚያ ሁኔታ ማንኛውም ጄኔሬተር ይነሣል።

በዚያው ቀን የሦስቱን የመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያዎች ባትሪ ሞከርኩ። ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ከዚህ በፊት ባለማድረጌም ተጠያቂው እኔ ነኝ። ከሰው ሠራሽ ሳንባ ጋር አገናኝቼ ከመብራት ነቀልኳቸው። አንዱ 52 ደቂቃ፣ አንዱ 38 ደቂቃ፣ አንዱ 11 ደቂቃ ቆየ። የሦስቱም መለያ ላይ የተጻፈው ሁለት ሰዓት ነው። ጄኔሬተሩ በስድስት ደቂቃ ፋንታ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ቢነሣ ኖሮ ብዬ አሰብኩና ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

ነዳጁን በምልክት ዘንግ ለካን። በሙሉ ጭነት አራት ሰዓት ሠርቶ በሰዓት 26 ሊትር ፈጀ። ጋኑ 500 ሊትር ይባላል፤ መውጫው ከወለሉ ከፍ ስለሚል የሚሠራው 440 ነው። 17 ሰዓት። ከዚያ በኋላስ? ናፍጣ በበርሜል ለመቅዳት የፈቃድ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤ የሚፈርመው ቢሮ ሌሊትና እሑድ ዝግ ነው። ክፍያው በስልክ ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ክፍያ የለም። ስለ ነዳጅ ስንጠይቅ ስለ ስልክ መጠየቃችን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላስተዋልንም ነበር።

መጋቢት 13

ኦክስጅን። መጋዘኑ ውስጥ «ሙሉ» የሚል መለያ የተለጠፈባቸው 24 ሲሊንደሮች አሉ። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ሁሉንም በጌጅ ለካሁ። 15ቱ ሙሉ፣ 5ቱ ግማሽ፣ 4ቱ ባዶ ናቸው። በአጠቃላይ 105,000 ሊትር። ባለፈው ወር በተጨናነቅንበት ቀን ዘጠኝ ታካሚዎች በአማካይ በደቂቃ 8 ሊትር ይወስዱ ነበር። በዚያ ስሌት የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያችን ቢቆም 24 ሰዓት እንቆያለን።

አንዱም ሲሊንደር አልታሰረም። ወድቆ አንገቱ የተሰበረ ሲሊንደር ግድግዳ የሚበሳ ጥይት ነው። ሰንሰለት ከብረታ ብረት ሱቅ ገዝተን፣ ግድግዳው ላይ ብረት አስበይደን፣ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት አሠርናቸው። የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ጥገና ይህ ሆነ።

መጋቢት 20

ሁለተኛው ልኬት አልቋል፤ 0.46። ቢ። ይህን ቁጥር ከ0.71ዱ ይልቅ አምነዋለሁ። ግን አሁንም የጎደለ ነገር አለ።

ጥገና ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ጣውላ ላይ ምስማር መታን። ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ ምስማር፦ የቀዶ ሕክምና መብራት፣ የመተንፈሻ ማገዣ፣ መምጠጫ፣ የኦክስጅን ማምረቻ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ላቦራቶሪ፣ ሊፍት፣ የሬዲዮ መገናኛ ቻርጀር። ከዚያ ከእያንዳንዱ ምስማር ሕይወቱን ወደሚያገኝበት ቦታ ቀይ ክር ጎተትን። ክሩ ከፓምፑ ወደ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ወደ መቀያየሪያ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ጄኔሬተሩ፣ ከጄኔሬተሩ ወደ ናፍጣ ጋኑ ሄደ። የኦክስጅን ማምረቻውም እንዲሁ። ማቀዝቀዣውም፣ መምጠጫውም እንዲሁ። ስንጨርስ ጋኑን የሚወክለው ምስማር በክር ብዛት አይታይም ነበር።

ሲስተር ጣውላውን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ «ዘጠኝ ነገር ያለን መስሎኝ ነበር፤ ያለን አንድ ጋን ነው» አለች።

መለኪያው እነዚህን ለየብቻ ይጠይቃል፤ ነጥባቸውንም ይደምራል። አንዱ ዝቅተኛ ሲሆን ሌላው ከፍተኛ ሆኖ ያካክሰዋል። አደጋ ግን አያካክስም፤ በክሩ ላይ እየሄደ ሁሉንም ያገኛል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1971 በርዕደ መሬት ተጎድቶ እንደ አዲስ እጅግ ጠንክሮ ተሠራ። በ1994 ኖርዝሪጅ ላይ ሌላ ርዕደ መሬት ሲመጣ አጥንቱ ጸንቶ ቆመ። ነገር ግን የውኃ ቧንቧዎች ተሰብረው ክፍሎቹ በመጥለቅለቃቸው ሕሙማኑን ማውጣት ግድ ሆነ። ሕንፃውን ብቻ የለካ ሰው ያን ሆስፒታል ኤ ይለው ነበር።

መለኪያውን አልጥለውም። ያለ እርሱ ቫልቩ ጋ አንደርስም ነበር። ግን ከ151ዱ አጠገብ የራሳችንን አንድ ዓምድ ጨመርን። የከተማው መብራት፣ ውኃና ስልክ በአንድ ጊዜ ቢጠፉ ይህ አገልግሎት ስንት ሰዓት መቀጠል ይችላል? ከሁሉም ያነሰው ቁጥር የሆስፒታሉ ቁጥር ነው። ዛሬ፣ ጄኔሬተሩ ከተነሣ 17 ሰዓት ነው። ካልተነሣ 11 ደቂቃ።

ሚያዝያ 3

ለዳይሬክተሩ አቀረብን። ዝም ብለው ሰሙን፤ ከዚያ ስለ ሰርተፍኬት ጠየቁ። ድጋፍ የሚሰጡ ወገኖች ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸው አግባብ ነው። የሆስፒታል ደኅንነት መለኪያው ደረጃ እንጂ ሰርተፍኬት አይደለም። በሥራ ቀጣይነት ሰርተፍኬት የሚያሰጠው አይኤስኦ 22301 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2019 ተሻሽሏል። ሰርተፍኬቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱም ገለልተኛ መርማሪ መጥቶ ያየዋል። እርሱ ግን ሕንፃ አይለካም። የሚጠይቀው አመራሩን ነው። የትኞቹ ሥራዎች መቋረጥ የለባቸውም? ቢቋረጡ ጉዳቱ የማይመለስ ከመሆኑ በፊት ምን ያህል ጊዜ አላችሁ? ይህን አውቃችሁ ምን አዘጋጃችሁ? ተለማመዳችሁ? ከልምምዱስ ምን አረማችሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ ልቤን ነካው። የመተንፈሻ ማገዣ የሚቋረጥበትን ጊዜ የምንቆጥረው በደቂቃ ነው፤ ካርድ ክፍል አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። ይህን ለይቶ ያልጻፈ ሆስፒታል ናፍጣውን ለሊፍትና ለቢሮ ያቃጥላል። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነበር።

«ዶክተር፣ አሁን ብናመለክት የ46 ገጹን ዕቅድ አሳምረን ልናልፍ እንችል ይሆናል። የ11 ደቂቃውን ባትሪ ግን ወረቀቱ አይቀይርልዎትም» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «መጀመሪያ ባትሪዎቹን ግዙ። ሰርተፍኬቱ ይቆይ፤ 17ቱን ሰዓት ወደ 72 አድርሱልኝ» አሉ። የግዢ ማዘዣውን እዚያው ፈረሙ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ያላቀድነው ሙከራ መጣ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፈነዳ። አዲሱ ባትሪ ሠራ፤ ጄኔሬተሩ በ9 ሰከንድ ተነሣ። የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ አንድም ጊዜ አልቆሙም። አጠገባቸው ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ነበር፤ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ከወሊድ ክፍል ውኃ የለም ተባለ። ፓምፑ መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሣም፤ ሳጥኑ ተከፍቶ በእጅ መመለስ አለበት። ይህን የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ስልካቸውን ድምፅ ነሥተውታል። ሳጥኑን ከፍቼ፣ ሽቦዎቹን በባትሪ መብራት ተከትዬ፣ ከ50 ደቂቃ በኋላ አስነሣሁት።

ንጋት ላይ ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ጧፋቸውን እንደያዙ፣ ሳይገድፉ በቀጥታ መጡ። «እንኳን አደረሳችሁ» ካሉ በኋላ የሆነውን ነገርኳቸው። ሳጥኑ ፊት ቆመው ብዙ ቆዩ። «ልጄ፣ ይህ ነገር እኔ ስሞት አብሮኝ የሚቀበር መሆን የለበትም» አሉኝ። ጠቋሚ ቀለም አመጣሁ፤ እርሳቸው እየነገሩኝ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በትልልቅ ፊደላት በሩ ላይ ጻፍኩት። አራት መስመር ነው። ከዚያ ለጾም መግደፊያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሠንጠረዡ ላይ ሌላ ዓምድ ጨመርን፦ «ይህን የሚያውቁ ስንት ሰዎች ናቸው?» አንድ ከሆነ ነጥቡ ዝቅተኛ ነው።

ግንቦት 16

ልምምድ። አውቶቡስ ከጭነት መኪና ጋር በጂቡቲ መንገድ ተጋጭቶ 30 ቁስለኛ መጣ ብለን አሰብን፤ በዚህ መንገድ ላይ ይህ በየትኛውም ሳምንት ሊሆን የሚችል ነው። የጤና ኮሌጅ ተማሪዎች ቁስለኛ ሆኑልን። ተረኞቹ ልምምድ መኖሩን እንጂ ሰዓቱን አያውቁም።

የስልክ ጥሪ ዝርዝሩ ላይ 64 ቁጥሮች አሉ፤ 23ቱ አልሠሩም። ሠላሳኛው ቁስለኛ የትሪያጅ ቀለም፣ ማለትም የጉዳቱን ክብደት የሚለይ ምልክት፣ ያገኘው በ47ኛው ደቂቃ ነው። ከባዱ መዘግየት የመጣው ካርድ ክፍል ላይ ነው፤ ቀይ፣ ማለትም እጅግ አስቸኳይ የሚል ቀለም፣ የተሰጠው ልጅ ካርድ እስኪወጣለት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲስተር ያን ስታይ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ልጁንም ራሷ ይዛው ገባች። ከነገ ጀምሮ ቀለም የተሰጠው ሰው ቁጥር ያለው ወረቀት አንገቱ ላይ ታስሮለት ይገባል፤ ካርዱ ይከተለዋል።

ያልጠበቅነው ሌላው ነገር ዘመድ ነው። ወሬው ከተማ ውስጥ ወጥቶ ልምምድ መሆኑን ያልሰሙ ሰዎች በባጃጅ እየተሳፈሩ በሩን ሞሉት። ጥበቃዎቹ በሩን ዘጉት፤ አምቡላንስ መውጣት አቃተው። የእኛ ሰው ቤተሰቡ ሆስፒታል ገባ ሲባል ቤቱ አይቀመጥም፤ ይህን ያላሰበ ዕቅድ ለዚህ አገር የተጻፈ አይደለም። በሁለተኛው ዙር ሲስተር በጎን በር አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ጸሐፊ አስቀመጠች። የገቡት ስም በየ15 ደቂቃው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ዋናው በር ክፍት ሆኖ ቆየ።

ሰኔ 5

ሦስተኛው ልኬት 0.57። አሁንም ቢ ነው፤ የሕንፃው አጥንት አልተነካምና እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው። በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለውን ክፍተት ለመክፈት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጥያቄው ገብቷል።

የሰዓት ዓምዱ ግን ተንቀሳቅሷል። ጋሼ መስመሮቹን ለይተው ሊፍቱን፣ ቢሮዎቹንና የግቢውን መብራት ከጄኔሬተሩ አስወጡ። ፍጆታው በሰዓት ከ26 ወደ 15 ሊትር ወረደ። ቋሚ የፈቃድ ደብዳቤ አግኝተን ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች፣ አሸዋና እሳት ማጥፊያ ባለው አየር በሚገባበት መጠለያ ውስጥ ተቀምጠዋል። በድምሩ 1,040 ሊትር፣ 69 ሰዓት። የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ ባትሪ በሦስቱም ከ100 ደቂቃ በላይ ቆይቷል፤ በየሦስት ወሩ እሞክራቸዋለሁ፣ ቀኑም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የፓምፑን ሳጥን መክፈት የሚችሉ ሰዎች ሰባት ሆነዋል፤ ሁለቱ የሌሊት ጥበቃዎች ናቸው።

ዳይሬክተሩ ለሦስት ሰዓት ልዩነት 72 ብለን እንድንጽፍ ጠይቀውን ነበር። ጋሼ «በለካነው ልክ ይጻፍ» አሉ፤ የጄኔሬተሩ ሰዓት 69 ተብሎ ተጻፈ።

ከስድስቱ ሮቶዎች አራቱ ወርደዋል። የቀሩትን ሁለቱን ክረምቱ ሳይበረታ ቅዳሜ እናወርዳለን። ጋሼ ገመዱን ዛሬ ፈትሸውታል።